ደሴ ፒያሳ በዛፍና በመናፈሻ ቢታደስ ገበያውን ያነቃቃል ወይስ ነጋዴውን ያስነሣል?

ደሴ ፒያሳ ላይ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የተሰማሩ ሰው የላኩት ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ሱቄ ከአባቴ የተረከብሁት የቀበሌ ቤት ነው። ከፒያሳ እስከ ሙዚየሙ ያለው ሰፈር የባህል መንደር ይሆናል፣ በዛፍ፣ በመናፈሻና በመቀመጫ ይታደሳል የሚል ወሬ አለ። እንዲህ ያለ ሥራ በእውነት ገበያ ያመጣል? ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አትክልቱን የሚያጠጣውስ ማን ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ እኛ እዚያው እንገኛለን?»

ሦስተኛው ጥያቄዎ ከሁሉም የከበደ መሆኑን አላጣሁትም። ሆኖም መልሱ በአብዛኛው የሚወሰነው ሥራው በሚነደፍበት መንገድ ስለሆነ፣ በከተማ ንድፍና በአረንጓዴ ቦታዎች ዕቅድ ላይ እንደሚሠራ ባለሙያ አስቀድሜ ስለ መሬቱ፣ ስለ ውኃውና ስለ ዛፉ ልጻፍልዎ።

መናፈሻ በራሱ ገበያ አያመጣም። የሚያደርገው ነገር ለጉዳይ የመጣን ሰው ጉዳዩ እንዳለቀ ወዲያው እንዳይመለስ ማቆየት ነው። ከኩታበር ወይም ከሐይቅ ለአንድ ጋቢ የመጣ ገዢ፣ አረፍ የሚልበት ደህና ቦታ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤትና አንድ ስኒ የጀበና ቡና ካገኘ ጥቂት ይቆያል፤ በቆየ ቁጥርም ሁለተኛ ሱቅ ያያል፣ ሙዚየሙ ክፍት መሆኑን ይሰማል፣ ማታ በወሎ ባህል አምባ ዝግጅት እንዳለ የሚገልጽ ማስታወቂያ ያነባል። ስለዚህ የአንድ አረንጓዴ ቦታ ዋጋ የሚለካው ሰው ዛሬም በእግሩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ በመሆኑ ነው። ከመንገዱ አንድ መቶ ሜትር ፈቀቅ ብሎ፣ በአጥር ተከልሎ፣ አንድ በር ብቻ ያለው መናፈሻ የቱንም ያህል ቢያምር የሠርግ ፎቶ መነሻ ከመሆን ብዙም አያልፍም።

የደሴ መልክዓ ምድርም ወደዚሁ ይመራናል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በምዕራብ ጦሳ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ግራና ቀኝ ይዘዋት፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ተከትላ ረዘም ብላ የተቀመጠች ናት። ሜዳማ መሬት እጅግ ውድ ነው። በአገራችን የከተማ ፕላን የሚሠራበት 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚለው ድልድል ለአዲስ ማስፋፊያ ሰፈር በመጠኑም ቢሆን ይሠራል፤ ነገር ግን ቤት በቤት ላይ ተደጋግፎ በቆመበት አሮጌ ማእከል ቃል በቃል ልተግብረው የሚል ሰው የሚያገኘው ውጤት ሰፈሩን አፍርሶ ባዶ ሜዳ ማድረግ ነው። ለፒያሳ የሚበጀው አንድ ትልቅ መናፈሻ ሳይሆን በእግር መንገድ የተያያዙ ብዙ ትንንሽ ቦታዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ። የሙዚየሙ ግቢ፣ የባህል አምባው ደጃፍ፣ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ግቢ፣ የትምህርት ቤት አጥር ሥር፣ ሁለት መንገዶች ሲገናኙ የሚተርፈው ሦስት ማእዘን መሬት፣ ወደ ዳገቱ የሚያወጡት ደረጃዎች፤ እነዚህ ሁሉ ዛሬም ክፍት ናቸው፤ ማንንም ማስነሣት አይጠይቁም።

ስለ ውኃ ጠለቅ ብዬ ልናገር፤ ደሴ ላይ የሚሳሳት ንድፍ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ክረምት ላይ ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ ከተማዋን አቋርጦ ወደ ቦርከና ይገባል፤ ቦርከናም የተሸከመውን ሁሉ ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። በሌሎች አገሮች ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት የተለመደው ምክር የዝናቡን ውኃ በተቻለ መጠን እዚያው መሬት ውስጥ ማስረግ ነው፤ ለዚህም ውኃ የሚያሳልፍ ንጣፍና ዝቅ ያለ የአትክልት መደብ ይሠራል። ይህን ምክር እንደ ወረደ ተቀብሎ ደሴ ዳገት ላይ መተግበር አደጋ አለው። በከተማዋ ዳገቶች ላይ የመሬት መንሸራተት የቆየ ችግር ነው፤ ጭቃማው አፈር ውኃ በጠጣ ቁጥር ይከብዳል፣ ከሥሩ ካለው ዐለት ጋር የያዘው መያዣም ይላላል፤ ከታች ደግሞ ለመንገድ ወይም ለቤት ተብሎ የዳገቱ እግር ከተቆረጠ መሬቱ የሚደገፍበት አጥቶ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከላይኛው ዳገት ላይ ውኃው በድንጋይ በተሠራ ዲች ተሰብስቦ በፍጥነትና በሥርዓት መውረድ አለበት፤ እንዲሰርግ የሚፈቀደው ከታች፣ መሬቱ ሜዳ በሆነበትና የግንብ መሠረት በማይነካበት ቦታ ብቻ ነው። የጋቢዮን ድጋፍ (በሽቦ መረብ የታሰረ የድንጋይ ግንብ) የሚሠራበት ቦታም ቢሆን ከኋላው ውኃው የሚወጣበት መንገድ ካልተተወለት ድንጋዩ ራሱ ተጨማሪ ሸክም ይሆናል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። ባህር ዛፍ አፈር ያደርቃል እየተባለ በዘመቻ ሲቆረጥ ይታያል፤ ያደርቃል መባሉም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በሚንሸራተት ዳገት ላይ አፈሩን የሚያደርቀውና በሥሩ ጨብጦ የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል። ከግንዱ ጋር ጉቶው ተነቅሎ ወይም እንዳያቆጠቁጥ ተደርጎ ሲሞት ሥሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል፤ የተተከለው ችግኝ ደግሞ በዚያ ጊዜ ገና አቅም አይኖረውም። ስለዚህ መተካቱ በየረድፉ፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተባለ መካሄድ አለበት። የላይኛውን አፈር ከመሸርሸር ለመከላከል የደጋ ቀርከሃ ጥሩ ነው፤ ሥሩ ግን ጥልቅ ስላልሆነ ትልቁን ናዳ ያቆማል ተብሎ አይታመንበት።

አሁን ወደ ፒያሳው ጎዳና እንመለስ። ዛፍ ተተክሎ በሦስተኛው ዓመት እንደ ሸምበቆ ቀጥኖ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በውኃ እጥረት ብቻ ሳይሆን በጉድጓድ ጥበት ነው። በእግረኛ መንገዱ ታይል መካከል 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ተትቶ፣ ከሥሩ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ እያለ፣ ችግኝ ይሰካበታል። ሥሩ የሚሄድበት ስለሌለው ወይ ይቀጭጫል ወይ ታይሉን ያነሣዋል። ለመንገድ ዳር ዛፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ስፋትና አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ጥሩ አፈርና ብስባሽ የተሞላ ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ ከሱቅ ግድግዳም ሦስት ወይም አራት ሜትር መራቅ አለበት። የእግረኛ መንገዱ ለዚህ የማይበቃ ጠባብ ከሆነ እዚያ ዛፍ አለመትከል ይሻላል፤ በምትኩ ሰፊ ቦታ ባለበት ማእዘን ላይ ሦስት አራት ዛፍ በአንድ ላይ ይተከል።

የዛፉን ዓይነት በተመለከተ፣ ለዚህ ከፍታ የሐበሻ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ የአገሩ ናቸው፤ ወይራ ለማደግ ይዘገያል እንጂ አንዴ ከያዘ ብዙ እንክብካቤ አይፈልግም። ቶሎ የሚደርስ ከተፈለገ ብሳና አለ። ዋርካና ሾላ ሥራቸው ሰፊ ስለሆነ ከዲችና ከግንብ አጠገብ አይሆኑም፤ ሰፊ ግቢ ሲገኝ ብቻ፣ እሱም ሞቅ ወዳለው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ነው የሚያምርባቸው። በየከተማው ጎዳና መሀል የሚደረደረው ዘንባባ ግን ደሴ ላይ ለማን ጥላ እንደሚሆን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጥላን ካነሣን አይቀር፣ የደሴ ሰው ሁልጊዜ ጥላ የሚፈልግ ሰው አይደለም። በኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ሁሉም ወደ ጥላ ይሸሻል፤ ደሴ ላይ ግን በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ብርድ ጠዋት ሰው የሚቆመው ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር ነው። ጦሳ በምዕራብ ስላለ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከሌላው አገር ቀደም ብላ ትሰወራለች፤ ስለዚህ ዋጋ ያለው የጠዋቱ ፀሐይ ነው። መቀመጫ ሲዘረጋ ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ጀርባው ንፋስ በሚከላከል ግንብ ወይም ቁጥቋጦ ተደግፎ ይሁን፤ ከበላዩም ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ አይኑር። ክረምት ላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ከዝናብ መጠለያ ነው፤ ለዚህ ከዛፍ ይልቅ በረንዳ ይበልጣል። በፒያሳ ካሉት አሮጌ ቤቶች መካከል በረንዳ ያላቸው በእድሳት ስም በመስታወት ባይዘጉ፣ ከስንት አዲስ የመናፈሻ ዳስ የሚበልጥ ጥቅም ይሰጣሉ።

አትክልቱን ማን ያጠጣል ላሉት፣ ቁጥሩን አብረን እናስላው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 400 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ የሕዝብ ሕንፃ ብንወስድና በአንድ የክረምት ወር 200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 64,000 ሊትር ይሰበሰባል። ባለ 10,000 ሊትር አምስት ሮቶ ተተክሎ ቢሞላ 50,000 ሊትር ይዘን ወደ በጋው ገባን ማለት ነው። አንድ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ሊትር ቢያገኝ 60 ችግኝ በሳምንት 2,400 ሊትር ይጠጣል፤ የተጠራቀመው ውኃ አምስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ፣ ማለትም ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ የበልጉ ዝናብ እስከሚቃረብበት እስከ የካቲት ድረስ ያደርሳል። በዚህ ሁኔታ ሁለት ወይም ሦስት በጋ ካለፈ ዛፉ ራሱን ይችላል። ይኸው 50,000 ሊትር ግን 1,000 ካሬ ሜትር ለተነጠፈ ሣር ቢውል፣ ሣሩ በደረቅ ወቅት በቀን አራት ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚጠይቅ፣ ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ንድፉ ሲቀርብልዎ ሰፊ የሣር ምንጣፍ ካዩበት፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ መልሱ «ከቧንቧ» ከሆነ ከእርስዎና ከጎረቤቶችዎ ፈረቃ ላይ የሚቀነስ ነው ማለት ነው።

ሰውም ያስፈልጋል። አትክልቱን የሚንከባከቡና ቦታውን የሚያጸዱ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች፣ በዚያው ቦታ ላይ አንድ የቡና መሸጫና መጸዳጃ ቤቱን ይዘው ከገቢው ቢተዳደሩ፣ የከተማው በጀት ባጠረበት ዓመትም ሥራው አይቆምም። የመግቢያ ክፍያ ግን በዚህ ሰፈር አይታሰብ። በአዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. እንደተከፈተው አንድነት ፓርክ ያለ፣ ሰው አስቦበት ቀኑን ሊያሳልፍበት የሚሄድበት ቦታ ክፍያ ሊያስከፍል ይችላል፤ በመንገድ ላይ ያለ የገበያ ሰፈር ማረፊያ ግን በር ከተበጀለት መንገድነቱ ይቀራል።

ስለ ባህሉ ጥቂት ልበል። ሙዚየሙ፣ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ ያለው፣ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የተዘረፈ ነው። በዙሪያው ያለው ግቢ ሰው የሚገባበትና የሚቀመጥበት ቢሆን፣ ቅርስ በቤታቸው ያስቀመጡ ሰዎች አምነው የሚያመጡበትን ስሜት ለመመለስም ይረዳል። ነገር ግን በግቢው ውስጥ ያለ ማንኛውም ቁፋሮና እድሳት በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት አስቀድሞ የሚመለከተውን የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ተቋራጭ ገብቶ ግንብ ከሰነጠቀ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ከወሎ ምድር ያገኙ መሆናቸው ይታወቃል፤ ለዘፈኑም ለመንዙማውም የሚሆን መድረክ ለመሥራት ግን ከፍ ያለ ኮንክሪት አያስፈልግም። ዳገቱን ተከትሎ የሚሠራ ሰፊ ደረጃ ሥራ በሌለበት ቀን መቀመጫ፣ ዝግጅት ባለበት ቀን የተመልካች ስፍራ ይሆናል። የድምፅ ማጉያ አጠቃቀም ከአዛንና ከቅዳሴ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ መስማማት ይገባል፤ ወሎ ላይ ይህን ለመነጋገር ማንም አስተማሪ አይሻም። ደረጃው ብቻውን ግን አረጋውያንንና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎችን ያስቀራል፤ ስለዚህ በ12 ሜትር ርዝመት ከአንድ ሜትር በላይ የማይወጣ መወጣጫ ከጎኑ ይኑር።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ እርስዎ እዚያው ይቆያሉ ወይ የሚለው ነው። በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል፣ በቾንግጌቾን ወንዝ ላይ ተሠርቶ የነበረው የመኪና መንገድ ፈርሶ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ 5.8 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የወንዝ ዳር መናፈሻ ተከፈተ። በመላው ዓለም በምሳሌነት የሚጠቀስ ሥራ ነው፤ በእውነትም ውብ ነው። በዚያው ዳርቻ ይነግዱ የነበሩት የጎዳና ነጋዴዎች ግን ወደ ዶንግዴሙን ስታዲየም እንዲዛወሩ ተደረገ፤ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉም ስታዲየሙ ራሱ ለሌላ ትልቅ ግንባታ ፈረሰና ሁለተኛ ተነሡ። ካይሮ ላይ ደግሞ ለዘመናት የፍርስራሽ ክምር የነበረ 30 ሄክታር ቦታ የአል አዝሐር ፓርክ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲከፈት፣ ከአጠገቡ ባለው የዳርብ አል አሕማር አሮጌ ሰፈር የነዋሪዎቹ ቤቶች ጎን ለጎን ታድሰዋል፣ ወጣቶቹም በድንጋይና በእንጨት ሥራ ሠልጥነዋል። ልዩነቱ ከዛፉ አይመስለኝም፤ በካይሮው ሥራ ነዋሪው ከመጀመሪያው በዕቅዱ ውስጥ ቦታ ነበረው።

የእርስዎ ጉዳይ ደግሞ ሱቁ የቀበሌ ቤት በመሆኑ ይለያል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ በአሮጌ የከተማ ማእከሎች ያሉ ብዙ ሱቆች ከመንግሥት የተከራዩ ናቸው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ሲለቀቅ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በዋናነት የሚናገረው ስለ ባለይዞታው፣ በመሬቱ ላይ ስላፈራው ንብረትና አቅም ካለው ራሱ እንዲያለማ ስለሚሰጠው ቅድሚያ ነው። ተከራይ ነጋዴ በዚህ ሚዛን ላይ ቀለል ይላል፤ በበረንዳ ላይ ጉልት የምትሸጠው ሴት ደግሞ ከእርስዎም ትቀላለች። ስለዚህ ቃል የተገባልዎ ነገር ሁሉ በጽሑፍ ይሁን። የኪራይ ውሉንና የከፈሉባቸውን ደረሰኞች፣ የንግድ ፈቃዱን፣ የሱቁን ስፋት የሚያሳይ ማስረጃ አሁን፣ ማንም ሳይጠይቅዎ፣ ያሰባስቡ። ብቻዎን ከሚሄዱም በመንገዱ ላይ ያላችሁት ነጋዴዎች፣ ጉልተኞቹንና የጀበና ቡና ሻጮቹን ጨምሮ፣ ተወካይ መርጣችሁ ብትቀርቡ ይበጃል፤ ጉልተኞቹን ትታችሁ የሄዳችሁ እንደሆነ ግን ጎዳናውን በሰው የሚሞሉትን ትታችሁ ሄዳችኋል።

በስብሰባው ላይ የሚጠየቀው ነገር ብዙ መሆን የለበትም። በኮምፒዩተር የተሣለውን ባለ ቀለም ሥዕል ተዉትና መለኪያ ያለውን ፕላን አሳዩን በሉ፤ የእያንዳንዱ ሱቅ ደጃፍ፣ የእያንዳንዱ ዛፍ ጉድጓድና የዲቹ መስመር በሜትር ይታያል ወይ? በሥራው ጊዜ ለሚነሡት መመለሻ ቦታቸው በፕላኑ ላይ በቁጥር ተጽፏል ወይ? የቀበሌ ቤቱ ኪራይ ከእድሳቱ በኋላ ለስንት ዓመት አይጨምርም? ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ ሰፈር ባማረ ጊዜ ነጋዴን የሚያስለቅቀው አፍራሽ ግብረ ኃይል ብቻ ሳይሆን የኪራይ ጭማሪም ነውና።

ከዚያ በፊት ግን ነገሩ በትንሹ ይሞከር። አዲስ አበባ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ተብሎ እንደተደረገው፣ ከፒያሳው መንገዶች አንዱ ለጥቂት እሑዶች ለመኪናና ለባጃጅ ተዘግቶ፣ የሚነሡ አግዳሚ ወንበሮችና በበርሜል የተተከሉ ችግኞች ተቀምጠው፣ ጉልተኞቹ መስመር ይዘው ይዩት። ከመዘጋቱ በፊትና በኋላ በጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓትና በ11 ሰዓት በእግር የሚያልፈውን ሰው ልጆችዎ ሊቆጥሩት ይችላሉ፤ የሰኞው ገበያ የሚያመጣውን ሰው ከሌላው ቀን ለይታችሁ ቁጠሩት እንጂ አትቀላቅሉት። የእርስዎም የዕለት ሽያጭ መዝገብ አብሮ ይያዝ። ቁጥሩ ካልጨመረ ንድፉ ይስተካከላል፤ ከጨመረ ደግሞ የአስተዳደሩን ሹም ለማሳመን ከዚህ የተሻለ ሰነድ የለም።

ቁፋሮው የሚጀመርበትን ወርም ተከራከሩበት። የመሬት ሥራና ዲች ከመስከረም በኋላ ተጀምሮ ክረምት ሳይገባ መጠናቀቅ አለበት፤ ችግኝ የሚተከለው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲይዝ ነው። በግንቦት የተከፈተ ቦይ ክረምቱን ክፍት ሆኖ ካለፈ ጎርፉ ወደ ሱቆቹ ይገባል፣ የዳገቱም እግር ይረጥባል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት የእግረኛ መተላለፊያዎችም በአንድ ጊዜ እንዳይቆፈሩ፣ አንዱ ወገን ተጠናቅቆ ሰው ሳይሄድበት ሌላው እንዳይነካ በውሉ ውስጥ ይጻፍ።